ለሠርግ ስጦታ ብር መጠየቅ፦ ማን ይናገር፣ በምን ይላክ፣ ማን ይቁጠር

አራት ደርዘን ብርጭቆ፣ ሦስት ፔርሙስ፣ አምስት ብርድ ልብስ፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ለተከራዩ ሙሽሮች ይህ ሁሉ የሚቀመጥበት የለም፤ የኪራይ ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ገና አልሞላም። ተጋባዡም ቢሆን ቅዳሜ ከሰዓት መርካቶ ወርዶ ዕቃ ከመምረጥ ብር ቢሰጥ ይቀለዋል። ሁለቱም ወገን የሚሻው አንድ ሆኖ ሳለ የሚከብደው አፍ አውጥቶ መናገሩ ነው።

ብር በፖስታ መስጠት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰጠው ሰው ነገ ልጁን ሲድር እናንተም ትሄዳላችሁ፤ «ብድር መላሽ ያድርገን» የሚባለው ለዚህ ነው። ሰውን የሚያስቀይመው ጥያቄው የአዳራሽ መግቢያ ዋጋ ሲመስል ነው። ከታች ያለው አሠራር ሁሉ የተሰደረው ይህ እንዳይሆንና የተሰጠው እንዳይጠፋ፣ ከማን እንደመጣም እንዲታወቅ ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ከሁለቱም ወላጆች ጋር ተስማሙ

ይህ ከሠርጉ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይለቅ። ካርድ ከታተመ በኋላ አባት «እኛ ሠርግ እንጂ ልመና አልጠራንም» ካሉ የሚቀደደው ካርዱ ነው። ለሁለቱም ቤተሰብ አንድ ዓይነት ነገር ንገሩ፦ ዕቃ ይዞ የመጣ በደስታ ይስተናገዳል፣ ባዶ እጁን የመጣም እንዲሁ፤ ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ብር እንደሚሻል ይነገረዋል። መጠን አይጠቀስም። ሰው «ስንት ላድርግ?» ብሎ ቢያፋጥጥም መልሱ «አቅምዎ የፈቀደውን» ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ለዩ። ጥሎሽ ከዚህ ውጭ ነው። ሙሽራው ለሙሽሪት የሚያመጣው ልብስና ወርቅ የተጋባዥ ስጦታ ስላልሆነ በብር ይቀየር ብሎ ማንሳት ከአማቶች ጋር ያላትማል። የአያት ጋቢ፣ የንስሐ አባት መስቀል፣ የአጎት በግም እንደዚያው፤ ሊያመጡ ካሰቡ ማንም አይከልክላቸው።

በጀት ላይም እንዲሁ ቁርጥ ያለ ነገር ይኑር። ከፖስታ ይመጣል የምትሉትን ዜሮ አድርጋችሁ አስሉ። የአዳራሽና የምግብ ቀሪ ክፍያ «ከስጦታው እንከፍላለን» ተብሎ ውል የተፈረመበት ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ እየቆረሱ ሣጥኑን ያያሉ፤ እንግዳም ይህን አይስተውም። በተለይ በጥርና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ሰው በሁለት ቀን ሦስት ሠርግ ሊጠራ ስለሚችል ከእያንዳንዱ የሚደርሳችሁ ይሳሳል።

የሚላክበትን ሒሳብ ማዘጋጀት

ሁለት መንገድ ይበቃል፦ አንድ የባንክ ሒሳብና አንድ ቴሌብር። አምስት የባንክ ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት የዕርዳታ ማሰባሰቢያ ይመስላል፤ በኋላም መዝገቡን ለማስታረቅ ያስቸግራል። ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ስላለው ባንኩ እሱ ቢሆን ይመረጣል፤ በሌላ ባንክ ከሆነም ከባንክ ወደ ባንክ መላክ ስለሚቻል ችግር የለውም፣ ላኪው ግን ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥበታል።

ለዚህ ጉዳይ የተለየ ሒሳብ ብትከፍቱ ጥሩ ነው፤ ደመወዝ በሚገባበት ሒሳብ ላይ ከተቀላቀለ ማን ምን እንደላከ ለመለየት ትቸገራላችሁ። በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ ቁጥር ስለሚጠየቅ የሌለው ቀድሞ ይመዝገብ። የጋራ ሒሳብ ከሆነ አንዱ ብቻውን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ ወይም የሁለቱም ፊርማ እንደሚያስፈልግ ሲከፈት ይወሰናል። የሁለት ፊርማ ሒሳብ በስልክ ላይንቀሳቀስ ስለሚችል ይህን ቅርንጫፉን ጠይቁ።

በጣም የሚሳሳቱት ስሙ ላይ ነው። ላኪው ቁጥሩን ሲያስገባ የሒሳቡ ባለቤት ስም ይመጣለታል። ሰፈር ሙሉ «ሚሚ» ብሎ የሚያውቃት ሙሽራ በመታወቂያዋ ሌላ ከሆነች ላኪው «ቁጥሩ ተሳስቷል» ብሎ ይተወዋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይደውልም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በወረቀቱም ሆነ በመልእክቱ ላይ ስሙ ከነአባትና ከነአያት፣ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ ነው፤ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ከደብተሩ ላይ ይከተል። ከዚያ ከሌላ ሰው ስልክ 10 ብር ላኩና መግባቱን እዩ። ከሌላ ባንክም አንድ ጊዜ ሞክሩ።

ቴሌብር ላይ ሊቀመጥ የሚችለው ገንዘብና በቀን የሚንቀሳቀሰው መጠን እንደ ምዝገባው ደረጃ ገደብ አለው። ገደቡ ሲሞላ የሚላከው ብር ተመላሽ ይሆናል፣ ላኪውም በሠርጉ መሃል ይደናገራል። ደረጃችሁን አስቀድማችሁ አሳድጉ፣ የሠርጉ ሳምንትም ያለውን ወደ ባንክ አዘዋውራችሁ ባዶ አድርጉት።

ካርዱ ላይ አይጻፍ

የጥሪ ካርዱ የወላጆች ነው፤ «በክብር ጠርተናል» የሚሉት እነሱ ናቸው። ከክብር ጥሪው ሥር የሒሳብ ቁጥር ሲቀመጥ ለትልልቅ ሰው ጥሪው ራሱ ይረክስበታል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ሰው ካርዱን ፎቶ አንስቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጥፋል፣ ቁጥራችሁም አብሮ ይወጣል።

የሚሻለው የቢዝነስ ካርድ መጠን ያላት፣ 9 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነች ብጣሽ ለብቻ ማሳተም ነው። ከካርዱ ጋር የምትገባው ለጓደኞችና ለሥራ ባልደረቦች ብቻ ነው። ለአክስት፣ ለዕድር ሰዎች፣ ለአባት የድሮ አለቃ ካርዱ ብቻውን ይሂድ። ካርዶቹ ስም ሲጻፍባቸው በሁለት ክምር ይለዩ፤ አለዚያ ለሁሉም ይታደልና ያላሰባችሁት ሰው እጅ ይገባል።

ኪውአር ኮድ የምታስገቡ ከሆነ ጎኑ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ዙሪያውን ነጭ ክፍት ቦታ ይኑረው፣ ቀለሙም ጥቁር በነጭ ይሁን። ለሠርግ ካርድ የሚወደደው ወርቃማ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ለስልክ ካሜራ ጠላት ነው፤ የአዳራሽ መብራት ሲያርፍበት አይነበብም። የአንዱ አገልግሎት ኮድ በሌላው መተግበሪያ ላይነበብ ስለሚችል ቁጥሩ ከሥሩ በጽሑፍ መኖር አለበት። ማተሚያ ቤቱ 200 ከማውጣቱ በፊት አንድ ናሙና ተቀብላችሁ በሦስት የተለያየ ስልክ፣ መብራት ባነሰበት ክፍል ሞክሩት። ፒያሳ የምታውቁት ካርድ ሠሪ በ2016ቱ ፈረሳ ተነሥቶ ሊሆን ስለሚችል ደውላችሁ ሂዱ።

ቃሉን ማን ያድርስ

ቃሉ ከሙሽሮቹ አፍ ባይወጣ ይመረጣል። ዘመድ ካርዱ እንደደረሰው ወደ እናት ወይም ወደ ታላቅ እህት ደውሎ «ለልጆቹ ምን ይሻላቸዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሩ ይህ ነው። እናት እንዲህ ትመልስ፦

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ መምጣትዎ ይበቃል። ካሰቡ ግን ቤት ሊያቋቁሙ ነውና በፖስታ ቢያደርጉላቸው ይጠቅማቸዋል።»

ካልጠየቁ አይነገራቸውም። ብርድ ልብስ ይዘው ይምጡ፣ ይሳሙ።

ለጓደኞች በቴሌግራም፣ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፦

«ሠርጋችን ላይ ብትገኙልን ደስታችን ሙሉ ነው። ስጦታ ማሰባችሁ ካልቀረ ቤታችን ጠባብ ስለሆነች ከዕቃ ይልቅ ለቤት ማቋቋሚያ ብታግዙን ደስ ይለናል። ሒሳቡ ከታች አለ። ቁጥሩ አይቀየርም፤ በእኛ ስም ሌላ ቁጥር ከደረሳችሁ ሳትልኩ ደውሉልን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትርፍ አይደለችም። የሰው ቴሌግራም ጠልፎ «ሒሳቡ ተቀይሯል» ብሎ መጻፍ የተለመደ ማጭበርበር ሆኗል፤ የሠርግ ሰሞን ደግሞ ሙሽራው ስልኩን የማያይበት ጊዜ ነው። ማስታወሻ ደግሞ መላክ ግን ይቅር። ሁለተኛው መልእክት ዕዳ መጠየቅ ይመስላል።

መሥሪያ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። መዋጮ የሚሰበስብ ሰው አለ፤ እሱ ወይም እሷ የስም ዝርዝር ይዘው ይዞራሉ፣ የተሰበሰበው ተጠቃሎ ትልቅ ዕቃ ይገዛበታል። ዕቃው ከተገዛ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ የቅርብ ባልደረባችሁ ሰብሳቢውን ቀደም ብሎ ያናግር። «ብሩን እንዳለ» ማለት ከከበደ አንድ ዕቃ ይጠቀስ፦ ፍሪጅ፣ ምድጃ ወይም ፍራሽ። ከብሩ ጋር የአዋጪዎቹን ዝርዝር መቀበል አትርሱ፤ «ከመሥሪያ ቤት» ተብሎ በደፈናው የተመዘገበ መዋጮ ነገ ለማን እንደሚመለስ አይታወቅም።

ውጭ ላለ ዘመድ በሐዋላ አገልግሎት በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳብ መላክ ይሻላል። በእጅ የሚወሰድ ሐዋላ ተቀባዩ ራሱ መታወቂያ ይዞ እንዲቀርብ ስለሚጠይቅ ጫጉላ ላይ ላለ ሰው አይመችም፤ በስሙ ላይ አንድ ፊደል ከተዛባም ላይከፈል ይችላል። የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ከመታወቂያው ፎቶ ላይ እንዳለ ገልብጣችሁ ላኩላቸው። ዶላር በፖስታ ከመጣ በመዝገቡ ላይ እንደ ዶላር ይጻፍ፣ ምንዛሬውም በባንክ ይሁን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያወጡ ሁለት ሦስቱን አይቶ መመንዘር ያዋጣል።

ለአዳራሹ የሚያስፈልግ

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን ይህ ሁሉ ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት በአንድ ካርቶን ውስጥ ይግባ። ለ300 እንግዳ፦

– 150 ረጅም ፖስታ፤ ሰው በቤተሰብ ስለሚሰጥ ለሁለት እንግዳ አንድ ይበቃል። ወረቀቱ ብሩን የማያሳይ ወፍራም ይሁን። በእያንዳንዱ ጥግ ከ1 እስከ 150 ቁጥር ጻፉበት።
– ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ 30 በ30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር። ቀዳዳው 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 1.5 ስፋት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሰፋ እጅ ያስገባል።
– ባለ መስመር ደብተር አንድ፣ እስክሪብቶ አምስት። እስክሪብቶ ይጠፋል፤ በክር እሰሩት።
– የሒሳብ ቁጥሩ በትልቁ የተጻፈበት አንድ ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛ። ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።

ከዲኮር ሠሪዎች ጋር የሚመጣው የሚያምር ትንሽ ሣጥን ብዙ ጊዜ ግማሹ እንግዳ ሳይገባ ይሞላል። ያኔ ፖስታው በአፉ ተቀስሮ ይቀራል፣ ጠባቂውም በእጁ እየገፋ ማስገባት ይጀምራል። ለውበት ከፈለጋችሁት የስጦታ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው ይቀመጥ፣ አንዱ ከሙሽራው አንዱ ከሙሽሪት ወገን። ሚዜ አይሆንም፤ ሚዜ ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሙሽራውን ተከትሎ ይወጣል። ሁለቱንም ቤተሰብ በመልክ የምታውቅ፣ ረጋ ያለች የአጎት ልጅ ለዚህ ትሻላለች። ሥራቸው የፖስታውን ቁጥርና የሰጪውን ስም መጻፍ ብቻ ነው። እንግዳው የራሱን ፖስታ ይዞ ከመጣ እዚያው ቁጥር ይሰጠዋል። አዳራሽ ውስጥ ፖስታ አይከፈትም፣ መጠን አይጠየቅም፣ አይጻፍም። የፕሮግራም መሪው ስጦታ በማይክ ማንበብ ከፈለገ ስም ብቻ ያንብብ። ብር መጠን በማይክ መናገር አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ 500 ያመጣ የጎረቤት ሰው 20,000 ከተነበበ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ሙሽሪትን ስመው እጇ ላይ፣ ወይም የእናትዋን መዳፍ ጨብጠው የታጠፈ ብር የሚያኖሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ከሁሉ በላይ መዝገብ ሳይገባ የሚቀረው ይህ ነው። እናት ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ ማታ ስትቆጥረው ማን ስንት እንደሰጠ ተምታቶባታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዲት ልጅ ከእናት አጠገብ ትቀመጥ፣ በደረት ኪስ የሚገቡ ባዶ ፖስታዎች ትያዝ፣ የታጠፈውን እንደታጠፈ አስገብታ ስሙን ትጻፍበት።

በጭፈራው መሃል የሚለጠፈው ብር ሌላ ጉዳይ ነው። ዘፋኙ ግንባር ላይ የተለጠፈው የዘፋኙ ነው። ሙሽሮቹ ላይ የተለጠፈውና መሬት የወደቀውስ? ይህን ከባንዱ ጋር ውል ስትፈራረሙ ተነጋገሩበት፤ መልቃሚ ልጅም ሰይሙ።

ሰው በታጨቀበት አዳራሽ ኢንተርኔት ይዘጋጋል። መተግበሪያው እምቢ ላለው ሰው በቴሌብር *127#፣ በንግድ ባንክ *889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ይህን ማወቅ አለባቸው። የሙሽራው ስልክ ለታመነ ሰው ይሰጥ፣ የይለፍ ቁጥሩ ግን ለማንም አይነገር። «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪን የሚያሳይ እንግዳ ካለ አመስግናችሁ ስሙን መዝግቡ፤ ገብቷል አልገባም የሚለው በማግስቱ ከሒሳብ መግለጫው ይታያል። ስክሪን ሾትም ሆነ መልእክት በቀላሉ ይቀናበራል። በተለይ ከቴሌብር የሚመጣ መልእክት ላኪው 127 ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር መጥቶ «በስሕተት ገብቶልዎታልና ይመልሱ» የሚል ከሆነ ቀሪ ሒሳባችሁን ሳታዩ ምንም አትመልሱ።

ሣጥኑ ኬክ እንደተቆረሰ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ከአዳራሹ ይውጣ። መኪና፣ ሹፌርና አብሮ የሚሄድ ሰው አስቀድመው ይታወቁ። እሑድ አብዛኛው የባንክ ቅርንጫፍ ዝግ ስለሆነ ብሩ እስከ ሰኞ ጠዋት የሚያድርበትም ቤት እንዲሁ። ድግሱ የተበላበት፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚያድርበት ቤት ለዚህ አይሆንም። ሁለተኛ ቀን መልስ ካለ ሣጥኑ ባዶ ተደርጎ ይመለስ፤ ደብተሩ ግን ያው ይሁን።

ቆጠራው

ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ የሚከፍት፣ የሚቆጥር፣ የሚጽፍ። ጠረጴዛው ላይ ከፖስታና ከደብተር በቀር ምንም አይኑር። አንዱ ፖስታ ተከፍቶ፣ ተቆጥሮ፣ መጠኑ በፖስታው ጀርባም በደብተሩም ላይ ሳይጻፍ ሌላው አይከፈት። ሰው ሲቸኩል አሥሩን ከፍቶ ይደረድርና የማን የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። ባዶ ፖስታም ይገኛል፤ ሰጪው ብሩን ሳያስገባ አሽጎት ሊሆን ስለሚችል «ባዶ» ተብሎ ይጻፍ፣ ለማንም አይወራ።

ብሩ ባለ 200፣ ባለ 100 እና ባለ 50 ተለይቶ በመቶ በመቶ ቅጠል ይታሰር፤ የ200ው እሥር 20,000 ብር፣ የ100ው 10,000 ብር ነው። ሲያልቅ የደብተሩ ድምርና የእሥሮቹ ድምር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ብሩን ሳይሆን መጀመሪያ ፖስታዎቹን ቁጠሩ፤ አዳራሽ የተመዘገበው 112 ሆኖ ጠረጴዛው ላይ 111 ካለ የጎደለው ፖስታ ነው፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነም ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ ወለል ጋር ተጣብቆ፣ ወይም ከስጦታ ዕቃዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ስም የሌለው ፖስታ ሲያጋጥም በጽሕፈቱ ለመለየት ሞክሩ፣ አለዚያ «ያልታወቀ» በሉና ፖስታውን አኑሩት። «ከነአልማዝ ቤት» የሚል ከሆነ እናትን ጠይቁ፤ አልማዝ ሦስት ልትሆን ትችላለች።

ሰኞ ጠዋት ገቢ ሲደረግ ሁለቱም ወገን ቆጣሪዎች ይሂዱ፣ ደረሰኙ ደብተሩ ውስጥ ይለጠፍ። በስልክ የተላከው ከሒሳብ መግለጫው ወጥቶ በዚያው ደብተር ይጨመር። የሙሽራው ወገን እንግዶች ለብቻ፣ የሙሽሪት ለብቻ ድምር አታውጡ። ለምንም አይጠቅምም፣ ለጠብ ግን ይበቃል።

ምስጋናና ደብተሩ

በስልክ ለላከ ሰው ምስጋናው በሦስት ቀን ውስጥ ይድረሰው፤ መግባቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። አጭር ይሁን፣ መጠን አይጠቀስበት፦ «ስጦታህ ደርሶናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብድር መላሽ ያድርገን።» ለታላላቆች መልእክት አይበቃም። ወይ ይደወላል ወይ ከጫጉላ መልስ ቤታቸው ይኬዳል። ለእነሱም ቢሆን ፖስታ የሰጡትን ከዕቃ ሰጪዎቹ ለይታችሁ አታመስግኑ።

ደብተሩ ፎቶ ተነሥቶ ሁለቱም ስልክ ላይ ይቀመጥ፣ ዋናው ከጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ጋር ይታሰር። እያንዳንዱ መስመር ላይ ቀንና ዓመተ ምሕረት ይኑር። ከስድስት ዓመት በኋላ የሰጪው ልጅ ስታገባ የምትገልጡት እሱን ነው፤ ያኔ 1,000 ብር ያለበትን መስመር አይታችሁ 1,000 ብር ብቻ አትላኩ። በዚያ ዓመት 1,000 ብር ምን ይገዛ እንደነበር አስቡና የዛሬውን ዋጋ ላኩ።